የሚከራይ ቤትና የዕቃ ዝርዝር በእንግሊዝኛ፦ ኮመዲኖ፣ ሰርቪስ፣ ኮርኒስ ምን ይባላሉ? ጅማ ያላችሁ እርዱኝ

የአዌቱ ልጅ | መስከረም 18፣ ምሽት 1:40

እንኳን ለመስቀል በሰላም አደረሳችሁ። እኛ ጅማ ቆጪ አካባቢ ነን። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቤት ከነዕቃዋ ልታከራይ ነው። ተከራዩ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው፤ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይገባል። አማርኛም አፋን ኦሮሞም አይችልም።

እማዬ «ያለው ዕቃ፣ አንዲት ማንኪያ ሳትቀር ይጻፍና ይፈርምልኝ» ብላለች። እውነቷን ነው። የበፊቶቹ ተከራዮች ሲወጡ የትኛው ዕቃ የእኛ፣ የትኛው የእነሱ እንደሆነ ሳንግባባ ተቀያይመን ነው የተለያየነው። ጎረቤት ሆነን የኖርን ሰዎች ነበርን፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ሰርቪስ ሃውስ፣ ዋን ሳሎን፣ ዋን ቤድሩም፣ ኮርኒስ ጉድ፣ ቱ ኮመዲኖ፣ ዋን ቡፌ፣ ፎር አምፖል፣ ዋን ዲቫይደር፣ ዋን ቡታጋዝ፣ ዋን ሮቶ»። ውሉ ላይ ደግሞ እማዬን «ሬንተር» ብያታለሁ። ጓደኛዬ አይታው «ከዚህ ውስጥ ግማሹን ሰውየው አይረዳውም» አለችኝ። ሁሉም እንግሊዝኛ ይመስሉኝ ነበር። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ጡረተኛ መምህር | መስከረም 18፣ ምሽት 2:25

ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ከዕቃው በፊት ውሉን አስተካክዪ፤ እናትሽን ተከራይ አድርገሻቸዋል።

«ሬንተር» ማለት ኪራይ የሚከፍለው ሰው ነው፤ ማለትም ተከራይ። ለተከራይ ይበልጥ የተለመደው ቃል «ቴናንት» ነው። አከራይ «ላንድሎርድ» ይባላል፤ ሴት ከሆነች «ላንድሌዲ»። የእኛ ልጆች የሚሳሳቱት አማርኛው «አከራየ» እና «ተከራየ» ብሎ በግልጽ ስለሚለያቸው፣ እንግሊዝኛው ግን «ሬንት» በሚል አንድ ግስ ሁለቱንም ስለሚሸከም ነው። «ሺ ሬንትስ ኤ ሃውስ» ብትዪ ሰሚው ተከራይታ የምትኖር ሴት ነው የሚታየው። ማከራየቷን ለመናገር «ሬንትስ አውት» በዪ፤ እንግሊዞች «ሌትስ» ይላሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂ አከራይን «ሌሰር»፣ ተከራይን «ሌሲ» ይላቸዋል። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት ግን በመጨረሻው ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንድ ፊደል ሲሳት ባለቤትና ተከራይ ቦታ ይለዋወጣሉ። አንቺ «ላንድሌዲ» እና «ቴናንት» ብለሽ ጻፊ።

«ሊዝ» የሚለውንም አስቢበት። እዚህ ሊዝ ሲባል ከመንግሥት የሚወሰድ መሬት ነው ትዝ የሚለን። በእንግሊዝኛ ግን ተራ የቤት ኪራይ ውልም «ሊዝ» ይባላል። ሰውየው «ሊዙ የታል?» ካለሽ የጠየቀሽ ውሉን እንጂ የቤቱን ካርታ አይደለም።

ዋርድ 4 | መስከረም 18፣ ምሽት 3:02

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ሁለት ቃል ላይ ብቻ ልናገር።

አንደኛ፣ ኮመዲኖን «ኮሞድ» ብለሽ እንዳታስተካክዪው አደራ። ኮመዲኖ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ «ኮሞድ» ብለን እኛ የምንማረው ከአልጋ ርቆ መሄድ ለማይችል በሽተኛ የሚቀርብ፣ ከሥሩ መቀበያ ያለው የመጸዳጃ ወንበር ነው። ሁለት ኮሞድ መኝታ ክፍል ውስጥ አለ ብለሽ ብትጽፊ የአስታማሚ ቤት ይመስለዋል። «ቤድሳይድ ቴብል» በዪ።

ሁለተኛ፣ አምፖል። በፈረንሳይኛ «አምፑል» የመብራቱ ብርጭቆ ነው፤ ወደ እኛም የገባው በዚያ ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አምፑል» አንገቱ ተሰብሮ መድኃኒት በመርፌ የሚቀዳበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። የመብራቱ «ላይት በልብ» ወይም «በልብ» ነው።

የሂርማታ አናጢ | መስከረም 18፣ ምሽት 3:30

እህቴ፣ የእንጨቱን ነገር ለእኔ ተዪው። ለውጭ ሰዎች ብዙ ዕቃ ሠርቻለሁ፤ ቃሉን የተማርኩት ከእነሱ ጋር በምልክት እየተግባባሁ ነው።

ቡፌ «ሳይድቦርድ» ነው። ላዩ ላይ መስታወት ኖሮት ብርጭቆ የሚደረደርበት ከሆነ «ዲስፕሌይ ካቢኔት» በዪው። «ቡፌ» ብቻ ካልሽ ሰው ተሰልፎ እያነሳ የሚበላው ምግብ ነው የሚመስለው። ቁም ሳጥን «ዋርድሮብ» ነው። ቺፑድ ከሆነ «ቺፕቦርድ» ብለሽ ጻፊ፤ ጣውላ ከሆነ ደግሞ «ሶሊድ ውድ» ማለትን እንዳትረሺ፤ የዋጋው ልዩነት ትልቅ ነው። ቺፑድ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ጣውላ ግን ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ከተበላሸ በኋላ ምን እንደነበረ ለማስረዳት ይከብዳል።

በርጩማ አላችሁ? የጅማ በርጩማ ከሆነ «ስቱል» ብለሽ አትለፊው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ እግሩ ተሠርቶ የሚገጠምለት አይደለም። «ስሪ ሌግድ ስቱል፣ ካርቭድ ፍሮም ኤ ሲንግል ፒስ ኦፍ ውድ» ብለሽ ሙሉውን አስፍሪው። አንዱ እግር ቢሰበር ሙሉው በርጩማ ነው የሚጠፋው፤ ይህን ሰውየው አውቆ ይረከብ።

የአዌቱ ልጅ | መስከረም 18፣ ምሽት 3:48

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውሉን አሁኑኑ አስተካከልኩ። አንተም ወንድሜ አመሰግናለሁ። በርጩማ ሁለት አለን፤ አንደኛው የአያቴ ነው። አራት የምግብ ወንበርም አለ፤ የአንዱ እግር ስለላላ ይነቃነቃል። እሱን ምን ብዬ ልጻፍ?

ሊድስ ያለሁ | መስከረም 18፣ ምሽት 4:15

የሚነቃነቅ ወንበር «ዎብሊ» ነው። «ዋን ቼር ሃዝ ኤ ዎብሊ ሌግ» በዪ። እዚህ እንግሊዝ አገር ቤት ስትከራዪ ከዕቃው ስም ይበልጥ የሚያጨቃጭቀው የነበረበት ሁኔታ ነው፤ እሱን ነገ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

ለዛሬ፦ ሳሎን «ሲቲንግ ሩም» ወይም «ሊቪንግ ሩም» ነው። «ሳሎን» በእንግሊዝኛ ፀጉር ቤት ነው። ሰርቪስን ደግሞ ማንም አይረዳሽም። ከዋናው ቤት ተለይታ ግቢ ውስጥ ያለች ቤት «አኔክስ» ትባላለች፤ መግቢያዋ ለብቻ ከሆነ «ዊዝ ኢትስ ኦውን ኤንትራንስ» ጨምሪበት።

ሚኒሶታ | መስከረም 18፣ ምሽት 5:05

ሊድስ ያለኸው ወንድሜ ልክ ነህ፤ ግን የአንተ እንግሊዝኛ እኔ ዘንድ በየቦታው ይለያል። ኮመዲኖ እዚህ «ናይትስታንድ» ነው። የውሃ ቧንቧው ላይ ያለውን መክፈቻ እናንተ «ታፕ» ትላላችሁ፣ እኛ «ፎሴት»። ቁም ሳጥን ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ከሆነ «ክሎዜት» እንላለን። ስለ ፎቅማ አይወራም፤ ጂ ፕላስ ዋን ላይ ያለውን እናንተ «ፈርስት ፍሎር» ስትሉት እኛ «ሰከንድ ፍሎር» ነው የምንለው።

ጋዝንም ተጠንቀቂ እህቴ። እኛ አገር ጋዝ ሲባል ላምባ ነው። አሜሪካ «ጋስ» የመኪና ቤንዚን ነው። ላምባ እዚህ «ኬሮሲን»፣ እንግሊዝ አገር «ፓራፊን» ይባላል። «ቡታጋዝ»ን ስለዚህ «ጋስ ስቶቭ ዊዝ ቱ በርነርስ» በዪው፤ ሲሊንደሩን ለብቻ ጻፊ፤ ባዶ ይሁን ሙሉ ጨምረሽ።

ሊድስ ያለሁ | መስከረም 18፣ ምሽት 5:20

ሰውየው ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ የእኔም የአንተም አይሠራም። ከየት ነው?

የአዌቱ ልጅ | መስከረም 19፣ ጠዋት 1:10

ከደቡብ ህንድ ነው።

ባንጋሎር የኖረ | መስከረም 19፣ ጠዋት 2:35

እንግዲያው ይህ ለእኔ ነው። ማስተርሴን እዚያ ነው የሠራሁት፤ ሦስት ቤት ቀያይሬያለሁ።

ህንዶች እንግሊዝኛቸው በአብዛኛው ወደ እንግሊዞቹ ያደላል። «ፍላት»፣ «ታፕ»፣ «ግራውንድ ፍሎር» ይላሉ። የራሳቸው የሆኑ ቃላት ግን አሏቸው። የብረት ቁም ሳጥን «አልሚራ» ነው። ውሃ ማሞቂያውን እኛ ቦይለር እንደምንለው እነሱ «ጊዘር» ይሉታል። ረጅሙ ፍሎረሰንት «ቲዩብ ላይት» ነው። ሳሎንን «ሆል» ይሉታል፤ ስለዚህ ማስታወቂያቸው ላይ «ዋን ቢ ኤች ኬ» ተብሎ የምታዪው አንድ መኝታ፣ ሳሎንና ወጥ ቤት ማለት ነው። የእናትሽን ቤት «ዋን ቢ ኤች ኬ» ብትዪው ሳታስረጂው ይገባዋል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ እባክሽ ልብ በዪው። በደቡብ ህንድ ከተሞች «አድቫንስ» ማለት ተከራዩ ሲገባ የሚያስይዘው፣ ሲወጣ የሚመለስለት ገንዘብ ነው። እኛ አድቫንስ የምንለው ደግሞ የቅድሚያ ኪራይ ነው፤ በወሩ ይበላል፣ አይመለስም። እማማ አድቫንስ ሲሉት እሱ ሊመለስልኝ ነው ብሎ ይከፍላል።

ጅሬን ማዶ | መስከረም 19፣ ረፋድ 4:20

እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው! ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክፍል ለውጭ ዜጋ አከራይቼ የሦስት ወር ቅድሚያ ተቀበልኩ። ደረሰኙ ላይ «ዲፖዚት» ብዬ ጻፍኩ፤ ባንክ ገንዘብ ስናስገባ ዲፖዚት ስለምንል ክፍያ ማለት መስሎኝ ነው። ሰውየው ሦስቱን ወር ኖሮ ሊወጣ ሲል «ዲፖዚቴን መልሽልኝ፣ የኖርኩበትን ደግሞ ለብቻ እከፍላለሁ» አለኝ። ሊያታልለኝ የመጣ መስሎኝ ተናገርኩት። እሱም በእኔ በኩል የተታለለ መስሎት ነበር። የቀበሌ ሰው፣ ደላላው፣ አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ተሰብስበው ነው ነገሩ የተፈታው። ያ ሰው ጨዋ ነበር፤ ያጣላን አንድ ቃል ነው። እህቴ፣ ገንዘቡን በሦስት ለይተሽ ጻፊ።

ጡረተኛ መምህር | መስከረም 19፣ ረፋድ 5:00

የጅሬኗ እህታችን የነገረችን ለሁሉም ይጠቅማል። ሦስቱ ገንዘቦች እነዚህ ናቸው። ቤቱ ለሌላ እንዳይሰጥ በቅድሚያ የሚያዝበት ቀብድ «ሆልዲንግ ዲፖዚት» ነው። ዕቃ ቢሰበር መጠገኛ እንዲሆን ተይዞ ጉዳት ከሌለ የሚመለሰው «ሪፈንደብል ሴኪዩሪቲ ዲፖዚት» ነው። አስቀድሞ የሚከፈለው ኪራይ «ሬንት ፔድ ኢን አድቫንስ» ነው፤ ለየትኞቹ ወሮች እንደሆነ ስማቸውን ጨምሪ። ባንጋሎር የኖረው ወንድማችን እንዳስረዳን፣ ለዚህኛው ሰው «ኖት ሪፈንደብል» የሚለውን ካልጨመርሽ ያሳስታል።

የቅድሚያውን ነገር ካነሳን፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ምዝገባው ጅማ ላይ የት እንደሚከናወን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። ደግሞም የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ነው የሚያትመው፤ የኪራይን እንግሊዝኛ ለመማር ከዚያ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም። ለተማሪዎቼ በግራ ያለውን አስነብቤ በቀኝ ያለውን እንዲገምቱ አደርጋቸው ነበር።

ሰቶ ሰመሮ | መስከረም 19፣ ቀን 7:15

ሁላችሁም የምትጽፉት ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቤቱ ጅማ ነው፣ እናትየው የጅማ ሰው ናቸው። ለምን በማይችሉት ቋንቋ ይፈርማሉ? እንግዳው ነው አስተርጓሚ መፈለግ ያለበት።

የአዌቱ ልጅ | መስከረም 19፣ ቀን 7:50

ወንድሜ፣ እማዬም ይህንኑ ብላለች። «የማላነበው ወረቀት ላይ አልፈርምም» ነው ያለችው።

ጡረተኛ መምህር | መስከረም 19፣ ቀን 8:30

እናትሽ ትክክል ናቸው፣ ሰቶ ሰመሮም ትክክል ነው። የክልላችን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ውሉ ለምዝገባ ሲቀርብ የሚያስፈልገው እሱ ነው። እንግሊዝኛውን ከጎኑ አድርጊው፤ በአንድ ገጽ ሁለት ዓምድ፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት። ልዩነት ቢፈጠር የትኛው እንደሚገዛ አንድ መስመር ጻፊ፦ «ኢን ኬስ ኦፍ ዲፈረንስ፣ ዘ አፋን ኦሮሞ ቴክስት ፕሪቬይልስ»። የዕቃው ዝርዝር ግን እናትሽ በሚያነቡትም በእሱም ይሁን፤ ዕቃ ሲቆጠር ሁለቱም ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ ማድረግ አለባቸው።

ማብሪያ ማጥፊያ | መስከረም 19፣ ቀን 10:10

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ሶኬት የምንለው ሁለቱንም ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውንም። በእንግሊዝኛ የግድግዳው ብቻ ነው «ሶኬት»፤ የገመዱ «ፕላግ» ነው። «ዘ ሶኬት ኢዝ በርንት» ብለሽ ብትጽፊ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ዲቫይደር «ኤክስቴንሽን ቦርድ» ይባላል። ማብሪያ ማጥፊያው «ስዊች»፣ ቆጣሪው «ሚተር» ነው፤ በካርድ የሚሞላ ከሆነ «ፕሪፔድ ሚተር»። ግቢው ውስጥ ካለው ትልቁ ቤት ጋር አንድ ቆጣሪ የምትካፈሉ ከሆነ «ሼርድ ሚተር» ብለሽ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ጻፊው፤ ብዙ ጠብ የማየው እዚያ ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ «ላይት ኢዝ ሎስት» አይባልም፤ «ፓወር ከት» ነው። ውሃ በፈረቃ የምታገኙ ከሆነ ሳይገባ ንገሩት፦ «ዋተር ካምስ ኦን ሰርተን ዴይስ፣ ዘ ታንክ ኮቨርስ ዘ ሬስት»። ሮቶ የታንከሩ ፋብሪካ ስም ስለሆነ «ዋተር ታንክ» በዪው፤ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ሊድስ ያለሁ | መስከረም 19፣ ምሽት 1:30

ትናንት ቃል በገባሁት መሠረት። እዚህ ቤት ስትረከቢ «ኢንቨንተሪ» የሚባል ወረቀት ትፈርሚያለሽ። የዕቃው ስም በአንድ ዓምድ፣ ብዛቱ በሁለተኛው፣ ያለበት ሁኔታ በሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን «ጉድ» ብለሽ ከሞላሽው ባዶ እንደተውሽው ቁጠሪው፤ «ጉድ» ላንቺና ለእሱ አንድ አይደለም።

ቃላቱ እነዚህ ናቸው። ሳህኑ ጠርዙ ከተሸረፈ «ቺፕድ» ነው። መስታወቱ ሳይወድቅ ከተሰነጠቀ «ክራክድ»። ጠረጴዛው ከተጫረ «ስክራችድ»። ድስቱ ከተጎደጎደ «ዴንትድ»። ፍራሹ ላይ ሳይለቅ የቀረ ነገር ካለ «ስቴይንድ»። የግድግዳው ቀለም እየተላጠ ከሆነ «ፒሊንግ ፔይንት»። ቧንቧው ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ «ድሪፒንግ»፣ በመገጣጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ «ሊኪንግ»፤ የተደፈነ ቱቦ «ብሎክድ» ነው። መጋረጃው ፀሐይ ከመታው «ፌድድ»።

ከዚህ ሌላ «ፌር ዌር ኤንድ ቴር» የሚባል ሐሳብ አለ። ሰው በአግባቡ ሲኖር ዕቃው በራሱ የሚያረጀው እርጅና ነው። ምንጣፉ መተላለፊያው ላይ ቢሳሳ ተከራዩ አይከፍልም፤ በካውያ ቢቃጠል ይከፍላል። ይህን ሐረግ ውሉ ውስጥ አስገቢው፤ እናትሽንም እሱንም ይጠብቃል።

የአዌቱ ልጅ | መስከረም 19፣ ምሽት 2:45

ወንድሜ፣ ይህን አንብቤ ለእማዬ ተረጎምኩላት፤ ዝም ብላ አዳመጠችና «እውነት ነው፣ ያለፉት ልጆች ላይ የጠየቅነው የመጋረጃው ነገር አግባብ አልነበረም» አለች።

ቤቷ የጭቃ ናት፤ ግን በሲሚንቶ ተለስናለች። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ክረምቱ ከባድ ስለነበር በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ታችኛው ክፍል ሻግቷል። ይህንንም ልጻፈው? ወይስ ይሸሻል?

ሚኒሶታ | መስከረም 19፣ ምሽት 5:40

ጻፊው። በፊት ካልጻፍሽው በኋላ የእሱ ጥፋት ወይም የአንቺ ውሸት ይሆናል። እርጥበት «ዳምፕ» ነው፤ ሻጋታ «ሞልድ»። «ዘ ኖርዝ ዎል ኢዝ ዳምፕ አት ዘ ቦተም፣ ዊዝ ሰም ሞልድ»። ከዚያ ምን እንደምታደርጉ ጨምሪ፤ ለምሳሌ ከመግባቱ በፊት ተጠርጎ ይቀባል ብለሽ።

ጡረተኛ መምህር | መስከረም 20፣ ጠዋት 1:20

ኮርኒስን ላስረዳ። በእንግሊዝኛ «ኮርኒስ» ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ለውበት የሚዞረው ቅርጽ ነው። እኛ ኮርኒስ የምንለው ሙሉው «ሲሊንግ» ይባላል፤ ከላይ ያለው ቆርቆሮ «ሩፍ» ነው። «ኮርኒስ ጉድ» ስትዪው ጠርዙን ብቻ ያመሰገንሽ ይመስላል። የማዳበሪያ ኮርኒስን «ሲሊንግ ላይንድ ዊዝ ዎቨን ፕላስቲክ» በዪው። ሊሾም ከጣሊያንኛ «ለስላሳ» ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው «ስሙዝ ሲሜንት ፍሎር»። የጭቃውን ቤት «መድ ሃውስ» ብለሽ አታሳንሺው። እንጨት ተተክሎ፣ ተማግሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የሚመረግ ግድግዳ በእንግሊዝኛም የራሱ ስም አለው፦ «ዋትል ኤንድ ዶብ»። እንግሊዞችም እንዲህ ዓይነት ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሠርተዋል። «ዋትል ኤንድ ዶብ ዎልስ፣ ሲሜንት ፕላስተርድ» በቂ ነው።

ቤታችሁ የራሳችሁ ነው ብዬ ነው የማስበው። የቀበሌ ቤት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቃል ያስፈልግ ነበር፤ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ያለው የቀበሌ ቤት በእንግሊዞች ዘንድ «ካውንስል ሃውስ» ለሚሉት ይቀርባል፤ ተከራይቶ መልሶ ለሌላ ማከራየት ደግሞ «ሰብሌት» ነው።

መርካቶ ሲኒ | መስከረም 20፣ ረፋድ 4:40

የወጥ ቤቱን ቶሎ ልበልልሽ እህቴ። ማንቆርቆሪያ «ኬትል»፣ ጭልፋ «ሌድል»፣ ወንፊት «ሲቭ»፣ መክተፊያ «ቾፒንግ ቦርድ»፣ ሳፋ «ቤዚን»፣ ባልዲ «በኬት»፣ ሙቀጫና ዘነዘና «ሞርታር ኤንድ ፔስል»፣ የከሰል ምድጃ «ቻርኮል ስቶቭ»። አጎበር ካለ «ሞስኪቶ ኔት»። አንሶላ «ሺት»፣ ብርድ ልብስ «ብላንኬት»፣ የትራስ ልብስ «ፒሎኬዝ»።

ጀበና፣ ረከቦት፣ ምጣድ፣ መሶብ ግን ስማቸውን አትቀይሪ። ስሙን እንዳለ ጻፊና ከጎኑ ምን እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ጀበና፣ ክሌይ ኮፊ ፖት»፤ «ረከቦት፣ ሎው ስታንድ ፎር ኮፊ ካፕስ»፤ «ምጣድ፣ ኤሌክትሪክ ግሪድል ፎር እንጀራ»። ሰውየው ቡና አገር ነው የሚመጣው፣ ጀበናን በስሙ ይልመደው። ምጣዱን እንዴት እንደሚያሰሱት ግን አሳዪው፤ ሳሙና ከነካው እንጀራው ይይዛል።

የሂርማታ አናጢ | መስከረም 20፣ ቀን 9:05

ያንን እግሩ የሚነቃነቀውን ወንበር አልረሳሁትም። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ክፍት ነው፤ ላኪው። ማጣበቂያና አንድ ሽብልቅ ነው የሚፈልገው፤ ገንዘብ አልቀበልሽም።

የአዌቱ ልጅ | ጥቅምት 7፣ ምሽት 2:00

ሰውየው ገብቷል። ዝርዝሩ አራት ገጽ ሆነ። እማዬ በአማርኛው፣ እሱ በእንግሊዝኛው ላይ ጣታቸውን እያደረጉ ክፍል ለክፍል ዞሩ፤ እኔ መሃል ቆሜ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ስንደርስ ባንጋሎር የኖረው ወንድሜ እንዳለው ሆነ። «ሬንት ፔድ ኢን አድቫንስ» የሚለውን አንብቦ ቆመና «ስወጣ ትመልሱልኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ያለውን «ኖት ሪፈንደብል» አሳየሁት፤ ሲኖርበት የሚያልቅ የጥቅምትና የኅዳር ኪራይ መሆኑን ነገርኩት። አገሩ እንዴት እንደሆነ አስረዳኝ፤ ሴኪዩሪቲ ዲፖዚቱ ለብቻ መጻፉን ሲያይ ደስ ብሎት ፈረመ። ቅድሚያው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ መምህር፣ እማዬ ሦስት ልትል ነበር።

የሻገተውን ግድግዳ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ታጥቦ ተቀብቷል፣ ግን «ዳምፕ» የሚለውን አላጠፋነውም፤ ክረምት ሲመጣ እንደገና እናያለን ተባብለናል። ወጥ ቤት ውስጥ እማዬ «ይቺ ወንፊት አልተጻፈችም» አለች። ቃሉ ትዝ እስኪለኝ እሱ እስክሪብቶ አውጥቶ መጨረሻው ላይ «ሲቭ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ እማዬን ስሙን ጠይቋት «ወንፊት» የሚለውን በራሱ ፊደል ከጎኑ አስቀመጠ። በርጩማው ላይ ግን አልተቀመጠም፤ የአያቴ መሆኑን ስነግረው አንስቶ ጥግ አኖረው። እማዬ ተመልሳ አምጥታ አስቀመጠችው።

ወንበሩን ወንድሜ ከሂርማታ ሠርቶ በማግስቱ ራሱ አድርሶልናል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ዎብሊ» የሚለውን ሁለቱም ባሉበት ሰርዘን ፈርመንበታል።

ጅሬን ማዶ | ጥቅምት 7፣ ምሽት 3:15

እሰይ! ዝርዝሩን ስምና አድራሻውን አጥፍተሽ እዚህ ታስቀምጪልናለሽ? እኔም ክፍሉን ለኅዳር ላከራየው ነው።

የአዌቱ ልጅ | ጥቅምት 7፣ ምሽት 3:22

ነገ ከሥራ ስመለስ አስቀምጠዋለሁ እህቴ። ወንፊቷን ጨምሬ።